ጉዱ ካሳ የማን ድምፅ ነው ያለው?

እስኪ ጉዱ ካሳን በሐሳባችሁ አናግሩት። የማን ድምፅ መጣላችሁ? የወጋየሁ ንጋቱ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም።

እኔ ወጋየሁን መድረክ ላይ አላየሁትም። በ1982 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና ነፍስ አላወቅሁም። ታላላቆቻችን የሚያወሩለት ግን የመድረኩን ሰው ነው፤ ከደበበ እሸቱ ጋር ሀንጋሪ ሄዶ ቴአትር የተማረውን፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ከባድ ቃለ ተውኔት እንደ ውኃ የሚያወርደውን። ያ ሁሉ አሁን የት አለ? የመድረክ ሥራ ክፋቱ ይሄ ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልቃል። ያየ ያወራል፣ ያየውም ሰው ቀስ በቀስ ያልቃል።

ለእኛ የደረሰን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሳቸው ነው፣ ቃሉም የሳቸው። ግን ወጋየሁ ሲያነበው ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሌላ ሰው ነው፣ ሰብለ ወንጌል ስትናገር ሌላ፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ሌላ። አንድ ሰውና አንድ ማይክ ብቻ፤ ልብስ የለ፣ መብራት የለ። ጥሩ ተዋናይ ሁለተኛ ደራሲ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ክፍል ውስጥም አይቼዋለሁ። «ቲቸር፣ መጽሐፉ ወፍራም ነው» የሚሉኝ ልጆች ትረካውን ከስልኬ በትንሽዬ ስፒከር ሳሰማቸው የኋላ ወንበሩ ሳይቀር ጸጥ ይላል። ደወል ሲደወል «ቲቸር፣ ከዛስ?» «ከዛማ መጽሐፉ ውስጥ ነው» እላለሁ። ሁሉም አያነብም። ሁለት ሦስቱ ግን መጽሐፉን ፍለጋ ይመጣሉ። ለኔ ይበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ትረካ አንባቢን ያሰንፋል፣ የራሱን ጉዱ ካሳ እንዳይስል ያደርገዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔም መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር ከወጋየሁ ድምፅ ማምለጥ አልቻልኩም። ግን ያ ድምፅ ባይኖር ስንቶቻችን መጽሐፉን እንገልጠው ነበር?

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ዛሬም መድረክ ላይ ጎበዝ ተዋንያን አሉ፣ እኛ ግን ስልካችን ላይ ነን። እዚህ ልደታ ማርያም አካባቢ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ብሔራዊ ቴአትር በሜክሲኮ በኩል በእግር ይደረሳል እኮ! ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። አንድ ቅዳሜ ገብታችሁ እዩ። ሬዲዮ ሁሉንም አልቀዳም፤ ነገ ስለነሱ የምታወሩት እናንተ ናችሁ።