የዚያ ዓመት ፈትል

የ2012ን መጋቢትና ሚያዝያ ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የተቀቀለ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። እናቴ ማለዳ ተነስታ ድስቱን ትጥዳለች፤ እንፋሎቱ ቀበና ያለችውን ትንሽ ቤታችንን ይሞላታል፤ እኛም ተራ በተራ ነጠላ ተከናንበን እንታጠናለን። ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ የሚከራከር አልነበረም። ያኔ ማን ምን ያውቅ ነበር?

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወር ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። እንደ ሌላው አገር ጨርሶ በር አልተዘጋብንም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚለቅም ሕዝብ ላይ እንዴት ይዘጋል? ግን ታክሲው በግማሽ ጫነ፣ ሂሳቡ ናረ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ። ባለቤቴ መምህር ነውና ቤት ዋለ፤ እኔም ሥራዬን ይዤ ቤት ገባሁ። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር የዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለት መግለጫ ተነቦ ቁጥሩ እስኪታወቅ ድረስ ምሳ አይቀመስም ነበር።

ባለቤቴ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። በሩ ላይ ጀሪካን ሰቀለ፤ አንገቱን በገመድ አስሮ ገመዱን መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር አገናኘው። እንጨቱን ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብልና ውሃው ይወርዳል። የሰፈሩ ልጆች እጃቸው ንጹሕ ሆኖም ለመርገጥ ሲሉ ብቻ ይመጡ ነበር።

ቀኑ የጠናው በእናቴ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ፣ ዕድሯ፣ የጎረቤት ቡናዋ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ራቋት። ሰው ሞቶ ድንኳን ሳይጣል፣ እሷም ሳታለቅስ ስትቀር ደግሞ ሆዷ ባሰ። መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገዱን ታያለች፤ መንገዱ ባዶ ነው።

አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ሥር ከስንት ዘመን በፊት የተገዛ አንድ ማዳበሪያ ጥጥ ጎትታ አወጣች። ከነፍሬው ነው።

"ለወንድምሽ ጋቢ ይሆናል" አለች።

ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ይሠራ ስለነበር፣ የአሜሪካን ወሬ በቴሌቪዥን ባየን ቁጥር ቤቱ ዝም ይላል። ስሙን አንስታ "እፈራለታለሁ" ብላ አታውቅም። ጥጡን ግን አወጣች።

ጥጥ ብዙ ወግ አለው፤ እኔ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑረው ቀጭን ብረት ሲያንከባልሉበት ፍሬው ጠብ ጠብ ይላል። ልጄ ሥሯ ተንበርክኮ ፍሬውን በጣሳ ይለቅማል። ባለቤቴ ከአጥር እንጨት ቆርጦ ደጋን ሠራላት፤ የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታው ድም ድም የሚለው ድምፅ ጓሮ ድረስ ይሰማል፤ ጥጡም ተነድፎ ይሳሳል፣ ይነፋል። ባዘቶ የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ እንዝርቷን አነሳች።

ልጅ ሆኜ የሰፈር ሴቶች እኛ ቤት ቡና ሲጠጡ ሁሉም እንዝርታቸውን ይዘው ነበር የሚመጡት። እኔ ከመደቡ ሥር ተወሽቄ ሲሽከረከር አያለሁ፤ እጄን ስሰድ "ትበጥሺዋለሽ!" ይሉኛል። ከፍ ስል ደብተሬን ይዤ በአጠገባቸው ማለፍ ጀመርኩ። ሴቶቹም አንድ በአንድ አለቁ፤ እንዝርቱም ሳጥን ገባ። አሁን እናቴ ግራ እጇን ወደ ላይ ስትስብ፣ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ስታሾር፣ ክሩ ከጣቶቿ መሃል እየቀጠነ ሲወጣ ሳይ፣ ያን የልጅነት መደብ አጠገቧ ሆኜ ያገኘሁት መሰለኝ። "ነይ ሞክሪ" አለችኝ። የእኔ ክር ሲወፍር ሲቀጥን ዋለ። "ግድ የለም የኔ እናት፣ ለማግ ይሆናል" ብላ ከራሷ ልቃቂት ጋር አኖረችው። ድሩን ሸማኔው ከፋብሪካ ክር ነው የሚዘረጋው፤ የእጅ ፈትል የሚገባው ማጉ ላይ ነው።

እጇ ሲሠራ አፏ ይከፈታል። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ያልነገረችኝን ያኔ ነገረችኝ። አያቷ በ1911 የኅዳር በሽታ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ የታመሙበት፣ አዲስ አበባ ቀባሪ ያጣችበት ጊዜ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ወድቆ እሳቸው ብቻቸውን ቆመው ሲቀሩ፣ አንዲት ጎረቤት በየቀኑ ጥሬ ቆልታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጥላቸው ነበር አሉ። ስሟን እስኪሞቱ ድረስ በጸሎታቸው ያነሱ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ሲያጨስ፣ ዓይኔ እየተቃጠለ እሳቱን የዘለልኩት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቅዳሴው በቴሌቪዥን ነው። እናቴ ሳሎኑን ቄጤማ ጎዘጎዘች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፤ ጧፍ አብርታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ሲሰገድ ትሰግዳለች፤ ግንባሯ ምንጣፉን ይነካል። ልጄ መጀመሪያ አያትና ቀስ ብሎ የራሱን ጫማ አወለቀ። እኔ ማዕድ ቤት ገብቼ ዶሮ ወጡን ሳማስል እንባዬ ወረደ፤ ሽንኩርት ነው ብዬ አሳበብኩ።

ክረምቱን ሙሉ ፈተለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብራት ሲጠፋ፣ በኩራዝ ሳይቀር። በመስከረም ልቃቂቶቹን ይዘን ሽሮ ሜዳ ሄድን። ሸማኔው ሠርግ የለ ድግስ የለ፣ ስንት ወር እጁን ታቅፎ የቆየ ሰው ነበር። ፈትሉን በጣቶቹ ሳብ አድርጎ አየውና "እንዲህ የሚፈትል እናት ዛሬ የት ይገኛል?" አላት። እናቴ መሬት መሬት አየች፤ ግን ሂሳቡን ከመከራከር ወደኋላ አላለችም።

ለገና ሰው ይዞለት ሄደ። ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል አራት እጥፉን ጋቢ እስከ አገጩ ተከናንቦ ነበር። ከስቷል። ዕጣን ዕጣን ይሸታል ብሎ ፊቱን ቀበረበት፤ ሲያወጣው ዓይኑ ቀልቷል። እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

"እስቲ ዘርጋው። ጠርዙን አሳየኝ።"

አሳያት።

"በማሽን እንዳታጥበው፣ ይኮማተራል። በእጅህ፣ በለብታ ውሃ። አታጥምዘው።"

"እሺ እማዬ።"

"ሰቅለህም አታድርቀው፤ ዘርግተህ ነው። እህል ቀመስክ ግን?"