ጢም ያለው ሁሉ አምባዛ አይደለም

እኛ ሦስት የወሎ ልጆች ነን። ለቀን ሥራ ጅቡቲ ወርደን፣ ታጁራ በምትባል ከተማ ባሕር ዳር ሰንብተናል።

አንድ ቀን አንድ አፋር ሽማግሌ ምሳ ጠሩን። ሥራቸው ዓሣ ማጥመድ ነው። አማርኛም ትንሽ ይችላሉ። ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልን። ስናይ፣ ዓሣው ከአገጩ ሥር ጢም አለው።

«እንዴ! ይኼማ አምባዛ ነው» አለ ከእኛ አንዱ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። በእኛ ቤት ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። ሦስታችንም እጃችንን ሰበሰብን። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። የሰው ገበታ መግፋት ነውር መሆኑን እናውቃለን። ግን ምን እናድርግ?

ምክንያታችንን ስንነግራቸው ሳቁ። ከቅርጫት ያልተጠበሰ ዓሣ አወጡና በቢላዋ ፋቁት። ቅርፊቱ ረገፈ። ለካ የተጠበሰው ቅርፊቱ ተነሥቶ ኖሯል!

ከዚያ ምልክቱን አሳዩን። ጢሙ ሁለት ብቻ ነው። የአምባዛ ስምንት ነው። ሰውነቱ ነጣ ያለ ነው። ከአፉ የተነሣ ጥቁር መስመር በዓይኑ አልፎ በጎኑ ይሄዳል። ጅራቱ ቢጫ ነው። ከጅራቱ መነሻ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ትልቁ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ፈረንጆች በጢሙ የተነሣ «የፍየል ዓሣ» ይሉታል። የሚኖረው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው።

በማግስቱ በጀልባቸው ወሰዱን። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ድንጋይ በሚመስለው ኮራል አጠገብ አሸዋ አለ። ዓሣው እዚያ ወርዶ አሸዋውን በጢሙ ይቆፍራል፤ ልክ እንደ ዶሮ ይጭራል። ጢሙ ይዳስሳል፤ ይቀምሳልም። ትልና ትንንሽ ሸርጣን ከአሸዋ ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። ሌሎች ዓሦች ከኋላው ይከተላሉ። እሱ ያስነሣውን ይለቅማሉ። በእርሻ ጊዜ ወፎች በሬ ተከትለው ትል ሲለቅሙ አይታችሁ የለም? እንደዚያው ነው። ሲጨርስ ጢሙን ከጉሮሮው ሥር አጥፎ ይሄዳል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። ያን ቀን ዓሣውን አብረናቸው በላን። ሥጋው ነጭ ነው፤ ይጣፍጣል።

በጢሙ ብቻ ፈርደን ገበታ ገፍተን ነበር። ከእንግዲህ ግን መጀመሪያ ቅርፊቱን እናያለን።