ውሃ ጠጥቼ የት ልሽና?

ይህን የምትጠይቀኝ እቴቴ ነበረች፤ ያሳደገችኝ አክስቴ። ጭሮ ገበያ ከሃያ ዓመት በላይ ድንችና ቀይ ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራለች። አሁንም እዚያው ናት።

ጎህ ሲቀድ ከቤት ትወጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። በዚህ ሁሉ ሰዓት ውስጥ አፏ የሚያገኘው አንድ ሁለት ስኒ ሻይ ነበር። ውሃ አትጠጣም ነበር። ሳይጠማት ቀርቶ ወይም ረስታ አልነበረም። ከመደቧ ኋላ ካለው ሱቅ ጓሮ ሽንት ቤት አለ፤ ቁልፉ ግን ከባለሱቁ እጅ አይወጣም ነበር። ወንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ይገላገላል። ሴቲቱ እስኪመሽ ትጠብቃለች።

ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስላት «እቴቴ፣ ትንሽ ውሃ ጠጪ እንጂ» እላታለሁ። «ጠጥቼ የት ልሽና ልጄ?» ትለኛለች። እኔም ዝም እላለሁ። ዛሬ የምጽፈው ያን ጊዜ ዝም ስላልኩ ነው።

ሕመሟ ሲጀምር ስም አልነበረውም። ሽንቷ ያቃጥላታል፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፤ ሄዳ ጠብታ ብቻ ይወርዳታል። «ብርድ ነው» አለች። ገብስ አፍልታ ጠጣች፣ ተልባ በጠበጠች። ትንሽ ሲሻላት ተወችው። ሲመለስባት ሰው ልካ ከመድኃኒት መሸጫ ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ አስገዛች። ያለ ምርመራ፣ ያለ ማዘዣ ተሰጣት፤ ለሁለት ቀን የሚሆን ብቻ፣ ብሩ የበቃው ለዚያ ስለነበር። ማቃጠሉ ጠፋ። የዳነች መሰላት።

ከወራት በኋላ አንድ ሌሊት የቀኝ ጎኗ ተነሣባት። ከጀርባ ይጀምርና ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ይተዋታል፣ ይመለሳል። መቀመጥም መተኛትም አቃታት። «አምጬ ወልጄ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም» አለች። በማግስቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ተጨመረ፤ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች። በዚያ ሳምንት ሽንኩርት ልትጭን ሚኤሶ ወርዳ ነበርና ሁላችንም «ወባ ነው» አልን። ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ሲንቀጠቀጥ እኛ ዘንድ ሌላ ምን ይባላል? የወባ መድኃኒት ዋጠች። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ንግግሯ ተዘበራረቀ፤ የማታውቀው ሰው ስም ትጠራ ጀመር።

ሆስፒታል ስትደርስ አልትራሳውንድ ተነሣች። ሐኪሙ ያስረዳን በቀላል አማርኛ ነበር። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቀጭን ቱቦ ጠጠር ዘግቶታል። ከጠጠሩ በላይ ሽንት ተጠራቅሟል። የተጠራቀመው ተመርዞ መግል ሆኗል። መግሉ ወደ ደሟ ገብቷል። «መድኃኒት ብቻ አይበቃም፤ መጀመሪያ መፍሰስ አለበት» አለ። ወደ ሐረር ሪፈር ተጻፈላት። እዚያ በጀርባዋ በኩል ቱቦ ገብቶ የተጠራቀመው ሲፈስ ትኩሳቷ በቀናት ውስጥ በረደ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ቀኝ ኩላሊቷ ግን ከዚያ ወዲህ እምብዛም አይሠራም።

በእቴቴ የደረሰው በምዕራብ ሐረርጌ በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ጠጠር እንዴት ይሠራል? አሞሌ ጨው አስቡ። የአፋር ሐይቅ ውሃው በፀሐይ ሲያልቅ ጨው ይጋገራል። ኩላሊት ውስጥም እንዲሁ ነው። ሽንት ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድ የሚባሉ ነገሮችን አሟሙቶ ያወርዳል። ውሃው በቂ ሲሆን ሟሙተው ይወጣሉ፤ ሲያንስ ይሰባሰቡና ይጠጥራሉ። ስለዚህ ሙቀት ባለበትና ውሃ በሌለበት አገር ጠጠር ይበዛል። የሚኤሶንና የቦርዶዴን ቆላ አስታውሱ። ማሽላ ሲያርም የሚውለውን ገበሬ፣ ከባድ መኪና ላይ የሚውለውን ሹፌር፣ ሲሚንቶ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ አስታውሱ። ላቡ በቆዳው ወጥቶ ያልቃል፤ ለኩላሊቱ የሚተርፈው ጥቂትና ወፍራም ሽንት ነው። ጭሮ ራሷ ደጋ ቀመስ ብትሆንም ውሃ በቧንቧ መጣ አልመጣ እየተባለ በቢጫ ጀሪካን በሚኖርበት ቤት መጀመሪያ የሚቆጠበው የሚጠጣው ነው።

በመንደራችን የሚነገሩ ብዙ ነገሮች አሉ። «ጠጠሩ ከምስር ጋር የበላሁት ድንጋይ ነው» ይባላል። አይደለም፤ የተዋጠ ድንጋይ በአንጀት አልፎ ይወጣል እንጂ ኩላሊት አይገባም። «ጠጠር የሚያመጣው ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ የሚጋግረው ውሃችን ነው» ይባላል። ኖራ የበዛበትን ውሃ ፈርቶ አለመጠጣት ግን ይበልጥ ይጎዳል፤ ዋናው ጥፋት የውሃው ማነስ ነው። «ወተት ተው፣ ካልሲየም አለው» ይባላል። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። በምግብ የሚገባ ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይዞ ያስወጣል፤ ወተትና እርጎ መተው ጠጠሩን ሊያባብሰው ይችላል። መቀነስ ያለበት ጨው ነው። ለውዝና ጥቁር ሻይም ኦክሳሌት አላቸው፤ ሲበዙ ለጠጠር ይረዳሉ። «ቢራ ጠጣ፣ ጠርጎ ያወጣዋል» ይባላል። ቢራ ለጊዜው ያሸናል፤ ከዚያ ሰውነትን ያደርቃል፣ ዩሪክ አሲድም ይጨምራል። የገብሱ ውሃ ግን አይናቅ፤ ጥቅሙ ውሃነቱ ነው። ሎሚ የተጨመረበት ውሃ ደግሞ ጠጠር እንዳይጋገር የሚከለክል ሲትሬት ይሰጣል።

ስለ ጫትም መናገር አለብኝ፤ የምንኖርበት ነውና። ካቲኖን የሚባለው የጫት ንጥረ ነገር የፊኛን አንገት ያጠብባል። የመን ውስጥ በጤነኛ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲቅሙ የሽንታቸው ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሰዓት እስከ ማታ በርጫ ላይ ተቀምጦ ለውዝ እየቆረጠሙ፣ ሻይና ለስላሳ እየጠጡ፣ ሽንት ሲመጣም ጨዋታ እንዳይቋረጥ እያሉ መያዝ ፊኛን ሞልቶ ማሳደር ነው። ፕሮስቴቱ ላበጠ አዛውንት ደግሞ ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል። የሚቅም ወንድሜን «ተው» ብዬው አልሰማኝም። «ከጎንህ ሃይላንድ ውሃ አስቀምጥ፤ ሲመጣብህ ተነሣ» ያልኩት ግን ይዞታል።

አሁን እቴቴን ወዳቃጠላት ኢንፌክሽን ልመለስ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት መውጫ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሴቶች ቶሎ ቶሎ የሚጠቁት መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው፤ ጥፋት ስላለባቸው አይደለም። ቶሎ ቶሎ መሽናት የገባውን ባክቴሪያ ያጥባል። ይዞ መዋል ግን እንዲራባ ጊዜ ይሰጠዋል።

ጠጠርና ኢንፌክሽን ደግሞ አንዱ ሌላውን ይወልዳሉ። ጠጠር ሽንትን ያግዳል፤ የታገደ ሽንት ይመረዛል። እንደ ፕሮቲየስ ያሉ ባክቴሪያዎች በበኩላቸው ዩሪያን ፈጭተው ሽንቱን ይለውጡታል፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እንደ አጋዘን ቀንድ ተቀርንጭፎ ኩላሊቱን የሚሞላ ጠጠር ያበቅላሉ። መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ ለዚህ በር ይከፍታል። ደካማዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ጠንካሮቹ ይተርፋሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያ መድኃኒት አይሠራም። የእቴቴ የሁለት ቀን ሲፕሮ ያደረገው ይህን ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያመኝ ዝምታው ነው። እቴቴ ማቃጠሉን ለወራት የደበቀችው ለምን እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። «ጨብጥ ነው ይሉኛል፤ በእርጅናዬ ስሜ ይጠፋል።» በምርመራ የሚለየውን ነገር ሐሜት ፈርታ ኩላሊቷን ሰጠች። ያላገባች ልጅማ እንዴት ትናገር? ባሏ የሚጠረጥራት ሚስትስ? ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በእርግዝና ጊዜ ኢንፌክሽኑ ምንም ሳያቃጥል ተደብቆ ሊቆይ፣ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ልጁንም ያለ ቀኑ ሊያስወልድ ይችላል። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄዱ ሽንት ስጡ የሚሏችሁ ለዚህ ጭምር ነው። አትዝለሉት።

ጠጠር ሁሉ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው አብዛኛውን ጊዜ በውሃና በማስታገሻ በራሱ ይወጣል። ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ግን በራሱ መውጣቱ እምብዛም ነው። ዛሬ በድምፅ ሞገድ ይሰባበራል፣ በቀጭን መሣሪያም ይወጣል። ችግሩ ይህ ሕክምና ያለው በትልልቅ ከተሞች መሆኑ ነው። ከጭሮ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የገለምሶና የመቻራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ከቀበሌው ወጥቶ ዋናውን መንገድ ማግኘት አለበት። የአልጋና የአስታማሚ ወጪ አንድ በሬ ያሸጣል።

ችላ ሲባል ደግሞ መጨረሻው የኩላሊት መድከም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ የታመመ ወንድሙን ፎቶ ይዞ የሚለምን ሰው ያላየ አለ? የኩላሊት እጥበት በወጉ ሲሆን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መዋል ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተደርጓል። ትልቅ ነገር ነው፤ አኮራን። ነገር ግን ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒትም ይፈልጋል። ከዚያ በር ላይ ከመድረስ በፊት መመለስ ይሻላል።

እባካችሁ እነዚህን ያዙልኝ፦

– የጎን ሕመምና ትኩሳት አንድ ላይ ከመጡ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። ወባ ቢመስላችሁም ተመርመሩ፤ ሽንትም ይታይ።
– ሽንት ደም ከቀላቀለ፣ ባያምም፣ ታዩ።
– የታዘዘ መድኃኒት ቢሻላችሁም ጨርሱት። ሳትመረመሩ አትግዙ።
– ሽንታችሁን እዩ። እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃ አንሷል፤ እንደ ቀጭን ሎሚ ጭማቂ ከነጣ ደህና ነው። ጠጠር ያለበት ሰው በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል መሽናት አለበት፤ ለዚያ ወደ 3 ሊትር መጠጣት ይጠበቅበታል፤ በቆላ ከዚያም በላይ። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ልቡን የሚታመም ግን ልኩን ከሐኪሙ ይጠይቅ።
– በረመዳን ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር አከፋፍሉት። በሁዳዴም ጾም ሲፈታ ከምግቡ በፊት ውሃ ይቅደም። ለታመመ ሰው ሃይማኖቱም ያዝንለታል፤ ሸኾቹንና ካህናቱን ጠይቁ።
– አንዴ ጠጠር የወጣላችሁ «ተገላገልኩ» አትበሉ። ከሁለት ሰው ለአንዱ ያህል በ10 ዓመት ውስጥ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ግን የእቴቴ ጥያቄ እንዳለ ነው። «ውሃ ጠጡ» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ቢሮዬ ሽንት ቤት አለው። ለገበያ ሴት፣ ለትምህርት ቤት ልጃገረድ፣ ወደ ቁልቢ በአውቶቡስ ስትጓዝ ጫካ ፍለጋ ለምትወርድ እናት ግን ምክር ብቻ መስጠት መቀለድ ነው። ገበያ የሚሠራ ማዘጋጃ ቤት መጀመሪያ የሚዘጋ በርና የሚወርድ ውሃ ያለው ሽንት ቤት ይሥራ። ያ የከተማ ማስዋብ ሥራ ሳይሆን የኩላሊት ሕክምና ነው። ዋጋውም ከአንድ ሰው እጥበት ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው እኛም የምንችለው አለ። እቴቴ ከሐረር ከተመለሰች በኋላ ወደ ባለሱቁ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኩት፤ ቱቦው የገባው በየት በኩል እንደሆነም ነገርኩት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ለምን አልነገረችኝም?» አለኝ። «አፈረች» አልኩት። በማግስቱ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጾ መጣ።

ቁልፉ ዛሬ በክር ታስሮ ከእቴቴ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሏል። በዙሪያዋ ያሉ ሰባት ሴቶች ይወስዱታል፣ ይመልሱታል፤ ውሃውንም በተራ ያመጣሉ። ባለፈው ስሄድ ከመደቧ ሥር ሁለት ሊትር ሃይላንድ አየሁ፤ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ግማሹ አልቋል።