የጅግጅጋ ብርሃንና የድሮ ፎቶግራፎች

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚጓዝ ሰው ከባቢሌ ቀጥሎ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉትን ድንጋዮች ሲያይ ካሜራውን ማውጣቱ አይቀርም። የካራማራን ተራራ ካለፈ በኋላም ሰፊው ሜዳ ይጠብቀዋል። የቀትር ፀሐይ የሰውን ዓይን በጥላ ይሸፍናልና ለማንሣት ማለዳ ወይም ማምሻ ይሻላል።

ነገር ግን ከአዲሱ ፎቶግራፍ ይልቅ የድሮው ያሳስባል። ጅግጅጋ በ1970 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ በዚያው ዓመት የተመለሰች ከተማ ናትና፣ ከዚያ አስቀድሞ የተነሣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ያለው ሰው ውድ ሀብት አለው። ፎቶግራፍም ይደበዝዛል፤ ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ከሐረር ለቤተ ሰቡ የላካቸው ፎቶግራፎች ባጠበባቸው መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደ ነጡ ራሱ ጽፏል።

ስለዚህ ወጣቱ አንባቢ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረግ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይወልውል። በስካነር ሲያነሣ በኢንች 600 ነጥብ ያድርግ፤ ለኅትመት 300 ስለሚበቃ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነው ፎቶግራፍ ጥራቱን ሳያጣ 20 በ30 ሆኖ ይታተማል። እርማቱን በቅጂው ላይ ይሥራ፤ ዋናውን ፋይል ሳይነካ በሁለት ቦታ ያኑር። የጀርባውንም ጽሕፈት አብሮ ያንሣ። የሰዎቹን ስም ግን ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቆ ይጻፍ፤ ስካነር ስም አያውቅምና።