ዘጠኝ ቮልት

የጊታር ፔዳል አይታችሁ ይሆናል፤ እግር ሥር የሚቀመጥ፣ ሲረግጡት የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። በ1960ዎቹ በሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ውስጥ ጊታሩ አፍ አውጥቶ «ዋ-ዋ» የሚለው በዚሁ መሣሪያ ነው። እኛም ደብረ ማርቆስ ላይ አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ፈዝና አንድ ዲሌይ ይዘናል። ጭቅጭቃችን ታዲያ ስለ ሙዚቃ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ቮልት ነው።

ግድግዳው የሚሰጠን 220 ቮልት ነው፤ ፔዳሉ የሚጠይቀው 9 ብቻ። በመካከል አዳፕተር ይገባል። ርካሹ አዳፕተር ደኅና አድርጎ ስለማያጣራ፣ ጊታሩ ዝም ባለ ቁጥር ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ደግሞም አብዛኛው ፔዳል የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ብዙው የቤት ዕቃ አዳፕተር መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። ሳያዩ መሰካት ፔዳል መቅበር ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄደ። ዝግጅታችን ሊጀመር አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ማጉያ ተገኘ፤ ጥሩ። ግን ፔዳሎቹስ? ከመካከላችን አንዱ «ከዚያው ከመኪናው ባትሪ እንውሰድላቸዋ!» አለ። ሌላው «ስንት አምፔር ያለው ባትሪ ነው እኮ፣ ያቃጥላቸዋል!» ብሎ ተነሣ።

እዚህ ላይ ነገሩን እንለይ። አምፔሩ ብዙ በመሆኑ ፔዳል አይቃጠልም፤ ፔዳሉ የሚወስደው የሚበቃውን ያህል ነው። (ሽቦ ከሽቦ ከተነካካ ግን ያ ሁሉ አምፔር ሽቦውን ያቀልጠዋልና ፊውዝ ግድ ነው።) የሚያቃጥለው ቮልቱ ነው። ባትሪውን ብንለካው 12.6 ወጣ። ፈዙን ከፈትነው፤ ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ ኮንደንሰሮቹም 16 ቮልት እንደሚችሉ ተጽፎባቸዋል። ሞተር እስካልተነሣ ይችለዋል ተባለ፤ ሞተር ሲነሣ ወደ 14 ይወጣልና። ዲሌዩ ግን ውስጡ ቺፕ በቺፕ ነው፣ ጀርባውም ላይ «9 ቮልት» ብቻ ይላል። በዋጋውም የሁላችንም የወር ቀለብ አለበት። እምቢ አልን።

የባትሪ ድንጋይ ግን መቼ ጠፍቶ! አንዱ 1.5 ቮልት ነው፤ ስድስቱን አፍና ጅራት ብናገጣጥማቸው ዘጠኝ። ዲሌዩ በአዲስ ድንጋይ ያላንዳች ጉርምርምታ ሠራ። እውነቱን ለመናገር ከግድግዳው ይልቅ ንጹሕ ነበር።

ፈዙ በ12 ቮልት ጮኸ፣ ጠራ፣ ግን ደረቀብን። ቮልት ሲጨምር ድምፁ ሳይታጠፍ ርቆ ይሄዳል፤ ፈዝ ደግሞ መታጠፉ ነው ውበቱ። ስለዚህ ከእጅ ባትሪ የወጡ አራት ያረጁ ድንጋዮች ሰጠነው። 5 ቮልት እንኳ አይሞሉም። ኧረ ጉድ! ድምፁ ታነቀ፣ ተሰነጠቀ፣ መጨረሻው ላይ እየተቆራረጠ ሞተ፤ ልክ የማሲንቆ ጭራ ሲፋቅ። ትዝታን በዚያ ተጫወትን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወገን ሆነናል። ሁለቱ «የተበላሸ ድምፅ ነው፣ አዲስ ባትሪ ይገዛ» ይላሉ። ሁለታችን ደግሞ ያረጀ ድንጋይ እያጠራቀምን ነው፤ እርጅናው የቮልቱን ያህል ዋጋ አለው፣ አዲስ ድንጋይ ቀንሶ ማሰር ያንኑ ድምፅ አልሰጠንም። እናም የዶርም ጓደኞች፣ የደከመ የራዲዮ ድንጋይ ካላችሁ አትጣሉት፣ ለእኛ ስጡን። ውኃ ያወጣውን ግን አንቀበልም።