ከገበጣው ጋር ሐዋሳ ደርሼ መጣሁ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ለዳኝነት ነው። እንዳትስቁብኝ። አምና የደረሰኝን የዕቁብ ብር፣ 30 ሺህ፣ ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለሚሠሩት የስልክ ጌም አውጥቼ ሰጥቻለሁ። ጌሙ ገበጣ ነው። አዎ፣ ያ መሬት ተቆፍሮ በጠጠር የምንጫወተው ገበጣ። ልጆቹ ሐዋሳ አንድ ክፍል ተከራይተው ስድስት ወር ከሠሩ በኋላ ተጣሉ። በብር ወይም በሴት ቢጣሉ ይገባኝ ነበር። የተጣሉት ግን ጌሙ በምን መሥሪያ ይሠራ፣ ከጀርባ ያለውን ሥራስ ማን ይያዘው በሚል ነው።

አንደኛው፣ ረጅሙ እንበለው፣ ዩኒቲ በሚባለው መሥሪያ ሠርቶ፣ የተጫዋቾቹን ሂሳብ ውጭ አገር ላለ ሰርቨር በኪራይ ሰጥቶታል። አጭሩ ደግሞ ጎዶት በሚባለው፣ ነፃ በሆነው መሥሪያ ከዜሮ ጀምሮ የራሱን ሠራ። የሱ ገበጣ ኔትወርክ አያውቅም፤ ሁለት ሰው አንድ ስልክ እየተቀባበለ ነው የሚጫወተው። ሁለቱንም ላኩልኝና "መንገድ ላይ እየሞከርክ ና፣ አንተው ፍረድ" አሉኝ። ዳኛው እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ አንድ መስመር ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆን እስክናልፍ የረጅሙ ገበጣ ምንም አላስቸገረኝም። እሱ ሐዋሳ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ሚኒባስ ውስጥ። ሥዕሉ ያምራል፤ ጠጠሩ ጉድጓድ ውስጥ ጠብ ሲል ድምፁ እንኳ የልጅነቴ ድምፅ ነው። መቂ አካባቢ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ማለት ጀመረ። ዝዋይን አልፈን ጨርሶ ጠፋ። ሲመለስ የኔ ስልክ "አሸንፈሃል" አለኝ። ብደውልለት የሱም ስልክ እሱ ነው ያሸነፈው!

ጥፋቱ የሰርቨሩ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ስልክ ጠጠሩን ለየራሱ እንዲቆጥር ያደረገው የኛው ልጅ ነው። ያለ ታዛቢ ሁለት ሰው ሲቆጥር ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ስልኩ "አራተኛውን ጉድጓድ አንስቻለሁ" ብሎ ቁጥሯን ብቻ እንዲልክ፣ ቆጠራውን ግን መሃል ያለው ሰርቨር እንዲይዝ ነው። ለገበጣ ይሄ ይበቃል። እንደ መኪና ውድድር በሰከንድ ሽራፊ የሚያልቅ ነገር የለበትም፤ ተራ ጠብቆ የሚኬድ ነው።

ከጎኔ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀምጠዋል። "ምነው ልጄ፣ ስልኩ ምን አለህ?" አሉኝ። የአጭሩን ከፈትኩላቸው። ሥዕሉ የልጅ ሥዕል ነው፣ ድምፅ የለውም። እስከ ሻሸመኔ ግን ስልኩን ስንቀባበል ሄድን። ሁለቴ ረቱኝ። በሦስተኛው "እኛ አገር እንዲህ አይበላም" ብለው ከስልኩ ጋር ሙግት ገጠሙ። እውነታቸውን ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ሲጽፉ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። ልጆቼ የሠሩት አንዱን ብቻ ነው።

ሐዋሳ እንደደረስኩ ችሎቱ አሞራ ገደል ተሰየመ። ዓሣው እዚያው ሐይቁ ዳር ይጠበሳል፣ አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፣ ሾርባው ትኩስ ነው። ምነው ለዚህ ብቻ በመጣሁ!

አጭሩ ጀመረ። "ዩኒቲ በ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ጌሙ በተጫነ ቁጥር አስከፍላለሁ አለ።" ረጅሙ ሳቀ። "ጨርሰው እንጂ። ክፍያው በዓመት 200 ሺህ ዶላር ላስገባና 200 ሺህ ጊዜ ለተጫነ ነበር። እኛ እዚያ ብንደርስ ከፍለን እንሞታለን? ደግሞስ በ2017 መስከረም 2 ራሳቸው ሰርዘውታል።" እዚህ ላይ ነጥቡን ለረጅሙ ሰጠሁ።

የጀርባው ሥራ ላይ ግን ነገሩ ከበደ። ፓርስ የሚባል አገልግሎት ነበር፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዛው፣ በ2016 እዘጋዋለሁ አለ፣ በ2017 ዘጋው። ዓመት ሰጥቷል፣ ኮዱንም ለሕዝብ ለቋል፤ ግን እሱ ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ቤት መፈለግ ነበረበት። ፋየርቤዝ ዛሬም በነፃ ይጀመራል፤ የቅጽበታዊ ዳታቤዙ ነፃ ድርሻ ግን በአንድ ጊዜ የሚያገናኘው 100 ሰው ነው። በገበጣ ስታስቡት ሃምሳ ጥንድ። ከዚያ በላይ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በብር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ደግሞ የዚያ ዳታቤዝ ማስቀመጫ ከሚመረጥባቸው ቦታዎች አንዱ ቤልጂየም ነው። ሐዋሳ ያለ ልጅ ሻሸመኔ ካለ ጓደኛው ጋር ሲጫወት፣ ያቺ ጠጠር ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ትመለሳለች ማለት ነው። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋስ? አጭሩ ይሄን ሲል ረጅሙ ዝም አለ።

ዝም ብሎ ግን አልቀረም። "ከሩቅ ጓደኛው ጋር ካልተጫወተ ሰው ለምን ስልክ ላይ ይጫወታል? ጠጠር አለለት አይደል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም በደንብ የለኝም።

የሆነ ሆኖ ፈረድኩ። መጀመሪያ የአጭሩ ይውጣ፤ የኔትወርኩ ጨዋታ በኋላ ይጨመር፣ ቆጠራውም ሰርቨሩ ጋ ይሁን አልኩ። እናንተም ጌም ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ይሄ ይሻላል ያ ይሻላል ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉና ጌማችሁን ክፈቱት። ምን ይቀራል? የሚቀር ነገር ካለ መሥሪያው ዩኒቲም ሆነ ጎዶት ያን ያህል አይገድም።

ይሄን መናገር ለኔ ቀላል ነው። ረጅሙ የሣላቸው ሥዕሎችና የቀዳው ድምፅ ወደ ጎዶት ይሻገራሉ፤ የስድስት ወር ኮዱ ግን እንዳለ አይሻገርም። ይሄን ሲሰማ እጁን ታጠበና ዓሣውን ሳይጨርስ ወደ ሐይቁ ሄደ። አጭሩ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አቀርቅሮ እሾህ ሲለቅም ቆየ።

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ረጅሙ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳይጨብጠኝ ፍላሽ አውጥቶ ሰጠኝ። "ሥዕሉና ድምፁ ነው። ለሱ ስጥልኝ" አለ።

ከሱ ጋር እኮ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት።