ጎሉ የእግር ነው ወይስ የዕድል?

እግር ኳስ በተነሣ ቁጥር በየቤቱ የማይቋጭ አንድ ክርክር አለ። ተጫዋቹ ከሩቅ መትቶ ዓይን የማያምነው ጎል ሲያገባ ከፊሉ «ይህ ነው ችሎታ!» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ከፊሉ ደግሞ «ዝም ብሎ ለጋት፣ በለስ ቀናው» ይላል። ቀን ሒሳብ አስተማሪ፣ ከመግሪብ በኋላ መድረሳ ውስጥ ቁርኣን አስቀሪ ስለሆንኩ ይህ ክርክር በሁለቱም በር ይገባብኛል። «ኡስታዝ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ይሉኛል ልጆቹ። ዛሬ እናንተም ውድ አንባብያን ባላችሁበት ልፍረድ።

ለፍርድ የሚመች ጎል ከተፈለገ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1997 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ብራዚላዊው ሮቤርቶ ካርሎስ በፈረንሳይ ላይ ያገባው ቅጣት ምት አለ። ርቀቱ 35 ሜትር ያህል ነበር። በግራ እግሩ ውጫዊ ጎን የመታት ኳስ ከተከላካዮቹ ግድግዳ በስተቀኝ አልፋ ወደ ውጭ ስለሄደች፣ ከግቡ ራቅ ብሎ ቆሞ የነበረው ኳስ አቀባይ ልጅ ልትመታኝ ነው ብሎ ጎንበስ አለ። ወዲያው እንደ ማጭድ ታጥፋ ተመለሰች፤ የቀኙን ቋሚ በውስጥ በኩል ነክታ መረብ ውስጥ ገባች። በረኛው ፋቢያን ባርቴዝ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ጨዋታው 1 ለ 1 ነው ያለቀው፤ ውጤቱን ግን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

«ይህ ተአምር ነው» የሚሉ ነበሩ፤ ተአምር ግን አይደለም። ኳስ እየሾረች ስትበር በአንዱ ጎኗ የሚያልፈው አየር ከሌላው ጎን ይፈጥናል፤ ከዚህም የተነሣ የግፊት ልዩነት ይፈጠርና ኳሷን ወደ ጎን ይገፋታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶችን ውሃ ውስጥ እየተኮሱ ነገሩን አጥንተው ነበር። የኳሷ ፍጥነት እየቀነሰ ሹረቷ ግን ብዙም ሳይቀንስ ሲቀር፣ መንገዷ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየጠበበ እንደሚጠመዘዝ አሳዩ። እንግዲህ ያ ቅጣት ምት ከ20 ሜትር ቢመታ ኖሮ የመጨረሻው መታጠፍ ባልታየ ነበር። ለዚያን ያህል ርቀት የሚበቃ ጉልበትና ሹረት ባንድ ምት የሚሰጥ እግር ደግሞ እንዲሁ አይገኝም፤ የዓመታት ድካም ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ጎሉ የእግሩ ነው።

ሒሳቡን ግን እዚህ ላይ መዝጋት አይቻልም። ከ35 ሜትር ላይ ኳስን በቀጥታ እንኳ ቢመቷት የአንድ ዲግሪ ስሕተት በ60 ሳንቲሜትር ያህል ያስታታል። የኳሷ ስፋት 22 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቋሚውን በውስጥ በኩል ነክታ የገባችው ኳስ ግማሽ ዲግሪ ወደ ውጭ ብትስት ኖሮ ወይ ከቋሚው ተመልሳ ወይ በውጭ አልፋ ነበር፤ እኛም ዛሬ ስለ እርሷ ባልተነጋገርን። ግማሽ ዲግሪን የሚያዝ እግር የለም፣ የሮቤርቶ ካርሎስም ቢሆን። እርሱ ራሱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቅጣት ምት ሲመታ ኖሯል፤ ብዙዎቹ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል ወይም ከግቡ በላይ ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ጃፓን ውስጥ ሮናልዲንሆ በእንግሊዝ ላይ ያገባው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከሩቅ የመታት ቅጣት ምት በበረኛው በዴቪድ ሲማን አናት ላይ አልፋ ገባች። ለጓደኞቹ ሊያሻግራት ብሎ ነው የሚሉና በረኛው ወደፊት መውጣቱን አይቶ ነው የሚሉ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ኒያውን የሚያውቀው አላህ ነው፤ በቴሌቪዥን ኒያ አይታይም!

አንድ የተማሪዬ አባት «ዕድል የሚባል ነገር የት አለ? ሁሉም በአላህ ቀደር ነው፤ ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሆኖም የልጆቹ ጥያቄ ስለ ሰበቡ ነው፤ መቺው በእጁ ያለውን ምን ያህል አደረሰ፣ ከእጁ ውጭ የነበረውስ የቱ ነው የሚል። ሁሉንም ዕድል ነው ካልነው የደከመውን ሰው ድካም እንቀማዋለን። ሁሉንም ችሎታ ነው ካልነው ደግሞ እኩል ደክሞ ኳሱ ቋሚ የመለሰበትን ሰው ሰነፍ አሰኘነው። ሁለተኛው በደል ይብሳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ጎል ያገባውን የሚያጨበጭብለት አያጣም።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። ከተማሪዎቼ አንዱ በክፍሎች ግጥሚያ ከሜዳው አጋማሽ የለጋት ኳስ አንድ ጊዜ ገባችለት። ከዚያ ወዲህ ከየትም ይመታል፤ ለጓደኛ ማቀበል ረስቷል፤ ቡድኑም ይሸነፋል። ሌላው ከዐስር ሶላት በኋላ ብቻውን ይቀርና ከአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይመታል፤ የሚቆምበትን ቦታ በጠጠር ምልክት አድርጎበታል። በዚያው ግጥሚያ የእርሱ ቅጣት ምት አግዳሚውን መትታ ተመለሰች፤ ልጆቹም «አግዳሚው» የሚል ቅጽል አወጡለት።

አንድ ቀን ሁለቱንም ከጠጠሮቹ ላይ ሃያ ሃያ ጊዜ አስመታኋቸው፤ ክፍሉ እየቆጠረ። ባለ ጎሉ ሁለት አገባ፤ «አግዳሚው» ዘጠኝ። የተቀሩትም ቢሆኑ ከግቡ ብዙ አልራቁም ነበር።

በሚቀጥለው ጨዋታ ቅጣት ምት ቢገኝ «አግዳሚው» እንዲመታ ተወስኗል። ባለ ጎሉ ግን እስካሁን አልተስማማም፤ «ኡስታዝ፣ የዚያን ቀን እኮ ነፋስ ነበረ» ይለኛል።